በሚኒስትሩ ስም

«ልጅቷ ሞታ የለም እንዴ? ደህና ናት አለች እኮ!»

ጋሽ ሹክ ይህን የሰማው ከስብሰባ አዳራሹ ወርዶ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ነው። ከታችኛው ፎቅ መስኮት አጠገብ ሁለት የሒሳብ ክፍል ሰዎች ሲጋራ ያጨሳሉ፤ ጭሱ ወደ ላይ እየተጠቀለለ በእጁ ከያዘው የሻይ ብርጭቆ እንፋሎት ጋር ይቀላቀላል። ሁለተኛው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ምን ትበል? ሚኒስትር የሚያህል ሰው ፊቷ ቆሞ እየሳቀ ሲጠይቃት፣ ቀብሬያታለሁ ትበል? ይሉኝታ ይዟት ነው እንጂ» አለ። «ማን ነው ግን ጠይቁ ያላቸው?» «ማን ይሆናል፤ ያው ጆሯቸው ነዋ!» ሁለቱም ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ሰው ነገር ሲከብደው የሚስቀው ዓይነት ነው። ጋሽ ሹክ አንድ እግሩን ከላይ አንዱን ከታች እንዳደረገ ደረጃው ላይ ቀረ። ብርጭቆው ጣቱን እያቃጠለው መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው።

«ሹክ» እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ነው ያወጣለት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚኒስትር ልዩ ረዳት ሆኖ ሲኖር፣ ደብዳቤና ንግግር ከማርቀቅ ሌላ፣ ማንም የማይወዳደረው አንድ ሙያ ነበረው። ከሚኒስትሩ ግራ ትከሻ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ይቆምና፣ እጅ ሊጨብጥ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመበት፣ ሰውየው ሦስት እርምጃ እስኪቀረው ድረስ ሹክ ብሎ ይጨርሳል። ሚኒስትሩም ፊታቸው ይበራና፣ «የወንድምህ ወገብ ተሻለው?» ይላሉ። ሰውየው ይህን ለሚስቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ሲያወራ ይከርማል። ሰባት ሚኒስትሮች በዚያ ትከሻ ተፈራርቀዋል፤ ወፍራምም ቀጭንም፣ ቁጡም ሳቂታም ነበሩ። ለጋሽ ሹክ ግን ሁሉም አንድ ትከሻ ነው የሚመስለው፤ ሠላሳ አንዱን ዓመት መለስ ብሎ ሲያየው፣ ፊት ከፊት የሚደበላለቅበት፣ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣበት አንድ ረጅም ግብዣ ይሆንበታል። ያን ሁሉ ሰው የሚያስታውሰውም በጭንቅላቱ አይደለም፤ በቢሮው ጥግ ባሉት አራት የእንጨት መሳቢያዎች፣ በፊደል ተራ በተደረደሩ ካርዶች ነው። ዝግጅት ሲኖር በዋዜማው ካርዶቹን አውጥቶ ያጠናል፣ በማግስቱ ይናገራል፣ ከዚያ ይረሳል።

ስልከኛዋ ጡረታ የምትሸኝበት ዝግጅት የተጀመረው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። አዳራሹ ያው የዘወትሩ አዳራሽ ነው፤ መጋረጃው ግማሹ ከሐዲዱ የወለቀ፣ የወንበሮቹ ጀርባ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር የተጻፈበት፣ መሐል ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በዚህ በእንቁላልና በስኳር መወደድ ዘመን ከየት መጣ ተብሎ ብዙ የተወራለት ባለ ሁለት ደርብ ኬክ። ሴትዮዋ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ የስልክ ክፍል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ናት። ድምጿን የማያውቅ የለም፤ ፊቷን ግን ዛሬ ገና ደህና አድርገው ያዩ ብዙ ነበሩ። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ያልለመደችውን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ወደ ሚኒስትሩ መጣች። ጋሽ ሹክ እንደ ወትሮው፣ «ስልከኛችን። ሃያ ዘጠኝ ዓመት። አንድ ልጅ፣ ሴት፣ ፋርማሲ የመጨረሻ ዓመት» አለ። ሚኒስትሩ ሁለት እጇን ያዙ። «እናቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ልጅዎስ? ፋርማሲውን ጨረሰች?» አሏት። ያየችውም ሚኒስትሩን አልነበረም፤ በትከሻቸው በላይ አሻግራ ጋሽ ሹክን ነበር ያየችው። ከዚያም ሁሉም በሚያውቀው በዚያ የስልክ ድምጿ፣ «ጨርሳለች። ደህና ናት» አለች። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቆም ቤት ዝም እንደሚለው አዳራሹ ዝም አለ። ጋሽ ሹክ ዝምታውን የደስታ አድርጎ ወስዶት ነበር።

አሁን ደረጃውን ወርዶ ግቢ ሲደርስ ሾፌሩ መኪና ያጥባል። ጠየቀው። ሾፌሩ ጨርቁን እንደያዘ ቀና አለ። «ጋሼ፣ አልሰሙም እንዴ? ከሞተች ስምንት ወር አለፋት እኮ። ሦስት ቀን እንኳ አልታመመችም። እኔ አይደለሁ እንዴ ሠራተኛውን በሁለት ዙር ለቅሶ ያደረስኩት? እርስዎና ክቡር ሚኒስትሩ ያን ሰሞን በጀት ላይ ነበራችሁ መሰለኝ» አለውና፣ ነገሩ የባሰ እንዳይሆን ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ቢሮውን ከውስጥ ዘጋ። ካርዷን አወጣ። በየዓመቱ በእርሳስ እየተሰረዘ የተስተካከለ ነው፤ ሁለተኛ ዓመት፣ ሦስተኛ ዓመት፣ የመጨረሻ ዓመት፤ ከዚያ በታች ባዶ። ለነገሩ ማረጋገጫ ሲፈልግ የወጪ ደብዳቤዎችን መዝገብ ገለጠ። ስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ የሐዘን መግለጫ ወጥቷል፤ ሰባተኛው ላይ «ለስልክ ክፍል ሠራተኛ» ይላል፣ ካጠገቡ አርቃቂው ስሙን በአጭሩ ጽፏል። የራሱ ፊርማ ነው። ጋሽ ሹክ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። አርቅቆ፣ አስፈርሞ፣ በፖስታ አሽጎ የላከው እሱ ራሱ ነው፤ የሰው ልጅ ሞት በእጁ አልፎ ሄዶ ካርዱ ላይ እንኳ አልደረሰም። ምን ብሎ እንደጻፈላት ለማስታወስ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም አልመጣም። የደብዳቤው ቅጂ መዝገብ ቤት ተቆልፎበታል፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አዳራሽ ኬክ እየበላ ነው።

ሚኒስትሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ሲነግራቸው ኮታቸውን ግማሽ እንደለበሱ ክው ብለው ቀሩ፤ ክው ያሉትም ከልባቸው ነበር። ቀጥለው ግን ሰዓታቸውን አዩ። «እሷ ምን አለች? ደህና ናት ነው ያለችው አይደል?» «አዎን፣ ክቡር ሚኒስትር።» «ትልቅ ሰው ናት እንግዲህ፤ ሸፈነችልን። በል አንድ ጥሩ የይቅርታ ደብዳቤ አዘጋጅላት፤ አንተ ታውቅበታለህ።» ደብዳቤው አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ያስደነገጠውም ይኸው ነበር። ቃላቱ ሳይጠሩ መጥተው ተሰለፉ፤ «ጥልቅ» እና «ልባዊ» ቦታቸውን ያውቁታል። ሚኒስትሩ በቁማቸው ፈርመው ወጡ። ጋሽ ሹክ ወረቀቱን በፖስታ ከተተና ምሳ ሰዓት ሆኖ ስለነበር ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ሾርባውን ቀድታ፣ ዳቦውን ቆርሳ፣ የጋዝ ዋጋ በአንድ ወር ሁለቴ መጨመሩን፣ የላይኛው ፎቅ ተከራዮች ውሃ ክፍት ትተው መውጣታቸውን፣ ጣሪያው ላይ ዳግመኛ እርጥበት መታየቱን ስታወራ እሱ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ያዞራል። የመመገቢያ ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ አንዱ ከተቀመጠበት ለመነሳት ሌላው ወንበሩን ጠጋ ማድረግ አለበት። ያለ ወትሮው በመሐል አቋረጣትና የጠዋቱን ነገር ነገራት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ ለቅሶ ደርሻለሁ። ነግሬህ ነበር» አለችው። «መቼ?» «እዚችው ወንበር ላይ። ጋዜጣ ይዘህ ‹እህ› አልከኝ።» ዳቦውን ወደሱ ገፋ አድርጋ፣ «አንዳንዴ ለኔና ለልጆቹም ካርድ ብትከፍትልን ጥሩ ነበር እላለሁ። ቢያንስ በዋዜማው ታጠናን ነበር» አለች። ለቀልድ ያለችው ነው፤ አንዳቸውም አልሳቁም።

«ደብዳቤውን በተላላኪ እልክላታለሁ» አለ ጋሽ ሹክ። ሚስቱ ሳህኑን እያነሳች፣ «ያየችው አንተን ነው አላልክም? የሚኒስትሩን ወረቀት ምን ታድርገው?» አለችው። ከዚያ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆም ብላ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እሱ የማያውቀውን ነገረችው። የፊተኛው ደብዳቤ ለስልከኛዋ ትልቅ ነገር ነበር። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ትሰጥ ነበር። «ይኸው፣ ሚኒስትሩ ልጄን ያስታውሷታል፣ ትል ነበር። ባል የላት፣ ሌላ ልጅ የላት፤ ያቺኑ ወረቀት ነበር ይዛ የምትተኛው። ልጄን የሚያስታውሳት ሰው አለ ብላ። ዛሬ ያንን ነው የወሰዳችሁባት» አለች። ጋሽ ሹክ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። ወንበሩን ጠጋ አደረገችለት።

መኪና አልጠራም፤ በእግሩ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የከተማው ፀሐይ ለስለስ ያለ፣ ሰውን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ዓይነት ነው። ልብስ ሰፊዎች በር ላይ ማሽናቸውን አውጥተው ይሰፋሉ፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ የሞቀ ወረቀት ሽታ ይመጣል፤ አንዲት ሴት የቲማቲም ዋጋ ሰምታ «ቲማቲም ነው ወይስ ወርቅ?» እያለች ነጋዴውን ታስቃለች። ይህን ሁሉ በመስታወት ውስጥ ሆኖ የሚያየው መሰለው። ብዙ ዓመት በዚህ መንገድ በመኪና ሲያልፍ አጠገቡ የተቀመጡት ሚኒስትር የሚፈልጉትን ሲያስብ እንጂ መንገዱን አይቶት አያውቅም። አንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ሲደርስ እግሩ ቆመ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ ለአንድ ሽማግሌ ኪኒን አወሳሰድ ታስረዳለች፤ አንዱን ጠዋት፣ ሁለቱን ማታ። ሽማግሌው አልገባ ብሎት ደጋግሞ ይጠይቃታል፤ እሷም ሳትሰለች ትደጋግማለች። ጨርሳለች፣ ደህና ናት። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ እንዲያ የሆነበት ከተማ ያለ፣ እሱም እዚያ ውስጥ የቆመ መሰለው፤ ደስ አለው። ወጣቷ ቀና ብላ፣ «አባቴ፣ ምን ልርዳዎት?» ስትለው ነቃ። «ምንም» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ስልከኛዋ የምትኖረው የደረጃው ቀለም በሰው ትከሻ ከፍታ ልክ በተላጠ አሮጌ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ስትከፍት ባዶ እግሯን ነበረች፤ ባለ ተረከዙ ጫማ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ወድቋል። ፀጉሯ እንደተሠራ ነው። አየችው፤ አልተገረመችም። «ይግቡ» አለችው። ክፍሏ አንድ ሶፋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከመሥሪያ ቤት በስጦታ የተሰጣት፣ ማሸጊያው ያልተፈታ የግድግዳ ሰዓት፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ አንሶላው የተወጠረ ጠባብ አልጋና አናቱ ላይ የተደረደሩ ወፋፍራም የመድኃኒት መጻሕፍት ነበሩት። ስልክ አልነበረም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ወሬ በጆሮዋ ሲያልፍ የኖረባት ሴት ቤቷ ውስጥ ጸጥታ እንደምትወድ ይታያል። ጋሽ ሹክን ቁጭ ይበሉ አላለችውም፤ እሱም ልማድ ሆኖበት ከሶፋው ጀርባ ቆመ። ፖስታውን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ከማን ነው?» አለች።

«ከክቡር ሚኒስትሩ።»

«ማን ጻፈው?»

በእሱ ሙያ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አይመለስም። ደብዳቤ የፈራሚው ነው፤ አርቃቂ የሚባል ሰው የለም። ለስንቱ ጀማሪ ይህን አስተምሯል። ሴትዮዋ ግን ፀጉሯን እንደተሠራች፣ ባዶ እግሯን ቆማ ትጠብቃለች። «እኔ ነኝ» አላት። ራሷን ነቀነቀች። ፖስታውን ሳትከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደ ጠባቡ አልጋ ሄዳ፣ ከሁለት መጻሕፍት መሐል በአራት የታጠፈ፣ ከመታጠፍና ከመዘርጋቱ ብዛት ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት አወጣች። «ይሄንንስ?» አለችው። «እሱንም እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አልዘረጋችውም። በመዳፏ ጫነችው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች በመጨረሻ። «ሲጽፉት አዝነው ነበር?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ነበረው። ተዘጋጅቶ፣ ተቀምሞ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቢለው ሴትዮዋ ታምነው ነበር፤ ደብዳቤውም ከነልቡ ይመለስላት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ደስ ያሰኘው በእንዲህ ያለው ነው። ግን ያን ዓረፍተ ነገር ቢለው፣ ዛሬ ጠዋት «ፋርማሲ የመጨረሻ ዓመት» ካለው ሰው በምን ይለያል? «አላስታውስም» አላት። «በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለእርስዎ መጻፌንም ያወቅኩት ዛሬ መዝገብ ላይ አይቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ድምፁ ራሱን ቀፈፈው፤ ለራሱ ጉዳይ ተናግሮበት ስለማያውቅ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አዲሱን ፖስታና አሮጌውን ወረቀት አንድ ላይ አድርጋ እጁ ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው ይውሰዱት። የሚኒስትሩ አልሆነ፣ የእርስዎም አልሆነ። የማንም ያልሆነ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?» አለችው። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ቢወረወርበት ይሻለው ነበር።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከአንዱ ቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ከሌላው ሽንኩርት ይጠበሳል። አሮጌውን ወረቀት ዘረጋው። በእርጥብ እጅ ስለተነካካ ፊርማው ደብዝዟል። ሲያነብ እንደ ባለሙያ ነው ያነበበው፤ መግቢያው የተለመደው መግቢያ ነው፣ ሁለተኛው አንቀጽ ለአሥራ አንዱም የተጻፈው ነው። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ግን ዓይኑ ተያዘ። «ልጅዎን የማስታውሳት ከስልክ ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ነው» ይላል። «ሳትጠይቅ እርሳስ አንስታ አታውቅም ነበር። የተዋሰችውንም ቀርጻ ነበር የምትመልሰው።»

ደግሞ አነበበው። ሚኒስትሩ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከመጡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ በፊት ኑሯቸው ሌላ ከተማ ነበር። ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር የምትቀመጠው የዛሬ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ነው። ካርዱ ላይ ይህ የለም፤ ካርድ እርሳስ ስለ መቅረጽ አይጽፍም። የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ሚኒስትሩ ያላዩትን በሚኒስትሩ አፍ አታኑር የሚል ነው፤ እሱ ራሱ ነው ያወጣው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዴም ስቶት አያውቅም። እዚህ ላይ ግን ስቷል። የፈረሙት ሚኒስትር አላዩትም፣ የተየበው ጸሐፊ አላየውም፣ ስምንት ወር ይዛው የተኛች እናት አላየችውም። በዚያ በበጀት ሳምንት፣ አሥራ አንድ ደብዳቤ ሲጋግር፣ ሰባተኛው ላይ እጁ ከትእዛዝ ወጥቶ የራሱን ነገር ጽፏል። ይህን ሲረዳ ነው ልጅቷ የመጣችለት፤ ካልሲዋ አንዱ የወረደ፣ አራተኛ ፎቅ በር ላይ ቆማ በአንድ ጣቷ የምታንኳኳ፣ ግቢ እስክትባል የማትገባ። አወቃት። ስምንት ወር ዘግይቶ፣ በሰው ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ጋሽ ሹክ አለቀሰ፤ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰላት።

ፊቱን በመሐረቡ ጠርጎ ሲጨርስ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣና በሩን አንኳኳ። ሴትዮዋ ስትከፍት ሰላምታም አላስቀደመም። «ይቺን ሚኒስትሩ ሊያውቋት አይችሉም» አለ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ። «ያኔ እዚህ አልነበሩም። እርሳሱን የምትዋሰው ከኔ ነው። ያየኋት እኔ ነኝ። ባላዝን ኖሮ ይቺን መስመር አልጽፋትም ነበር፤ እኔ እንዲህ አልሳሳትም።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፤ ከንፈሯ ዓመታቱን ሲቆጥር ይታያል። «ሐዘን ላይ ሆኖ ዓመት ማን ይቆጥራል» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና አለች። «ቆይ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ትወጣ ነበር? ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ ነበር እኮ የምትለኝ!»

«በየቀኑ ነው የምትመጣው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እርስዎ መስመር የሚበዛብዎት ጊዜ ላይ። አንድ ቀን ደግሞ ምን አለችኝ መሰለዎት። እዚህ ቤት ትልቁ ሰው ማን ነው አለችኝ። ሚኒስትሩ ናቸው አልኳት። ሚኒስትሩ ስልክ ሲፈልጉ ማንን ነው የሚጠይቁት? አለችኝ። እናትሽን፣ አልኳት። እናቴ ካላገናኘቻቸውስ? ያው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ እንግዲያው ትልቋ እናቴ ናታ፣ ብላኝ እርሳሷን ይዛ ወረደች።»

ሴትዮዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ዕንባው ከሳቁ ኋላ ተከትሎ መጣና ሁለቱ ፊቷ ላይ ተደባለቁ። ልጇ ከሞተች ወዲህ ሰው ሁሉ እሷ የምታውቀውን ነበር መልሶ የሚነግራት፤ ጎበዝ ነበረች፣ ጨዋ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። የማታውቀው ነገር ሲነገራት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ልጇ በዚህች ደቂቃ በማታውቀው በር ብቅ ያለች ያህል ሆነባት። የወደቀውን ጫማ በእግሯ ገፋ አደረገች፣ ከጠረጴዛው ሥር ወንበር ስባ ከሶፋው ፊት ለፊት አቆመችለት፣ ጋሽ ሹክም ተቀመጠ። በክንዷ ፊቷን ጠርጋ ወደሱ ጠጋ አለች።

«ሌላስ?» አለችው። «ሌላስ ምን አለችህ?»